ሳቂታ ብቻዋን የቀረችበት ቀን

ሳቂታን ሳቂታ ያላት እናቷ አይደለችም፣ አባቷም አይደለም፤ የሽመና ክፍል ነው። ፋብሪካው ውስጥ እንደሷ የሚስቅ ሰው አልነበረም ብል ማጋነን እንዳይመስላችሁ። ሰማንያ የሽመና ማሽን ባንድ አዳራሽ ሲንኳኳ የራስን ሳል እንኳ መስማት አይቻልም፤ የሷ ሳቅ ግን ይታያል። አዎ፣ ይታያል ነው የምለው! ራሷን ወደ ኋላ ጥላ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ትስቃለች፤ ማዶ የቆመው ሠራተኛ ምን እንዳሳቃት ሳያውቅ አብሯት ይፈርሳል።

እዚያ አዳራሽ ውስጥ ወሬ የሚወራው በእጅ ነው። ጆሮ በጥጥ ተወትፎ በአፍ ማውራት ትርፉ ድካም ስለሆነ ሠራተኛው ለሁሉም ነገር ምልክት አበጅቶለታል፤ ለውሃው፣ ለምሳው፣ "አለቃ መጣብሽ" ለሚለውም ጭምር። ከሁሉ የሚበልጡት ግን ሁለቱ ናቸው። ደረትን በመዳፍ ሁለቴ መታ መታ ማድረግ "ማሽኑ እየሄደ ነው፣ አትምጣ" ነው። ሁለት ክንድን ከራስ በላይ ማመሳቀል ደግሞ "ቆሟል፣ ና" ነው። ይሄኛውን ያየ መካኒክ የያዘውን ጥሎ ይሮጣል።

ባሏ መካኒክ ነው። የተዋወቁትም በዚሁ ምልክት ነው። አዲስ የተቀጠረ ሰሞን ሳቂታ ክንዷን ታመሳቅልበታለች፤ እሱ የመፍቻ ሳጥኑን አንጠልጥሎ፣ ላብ በላብ ሆኖ ከአዳራሹ ጫፍ እየከነፈ ይመጣል፤ ሲደርስ ማሽኑ እንዳለ ይሠራል፣ እሷ ደግሞ በሳቅ ልትሞት ነው። አንዴ ተቆጣ፣ ሁለቴ ተቆጣ፣ በሦስተኛው እሱም ሳቀ። ከዚያ ወዲያማ ቀልድ መሆኑን እያወቀም ይመጣ ጀመር። አዳራሹ ሙሉ ያያል፣ አዳራሹ ሙሉ ይጠቃቀሳል። በሁለተኛው ዓመት ተጋቡ፤ በአምስተኛው ሴት ልጅ ወለዱ።

ምጡ ክፉ አልነበረም። ልጅቷም ብትሉ ድንቡሽቡሽ ያለች፣ ጣቷ የሞላ፣ ስታለቅስ ሰፈር የምትቀሰቅስ ጤነኛ ልጅ ናት። አማቷ ከሌላ ከተማ ሁለት ሻንጣ ይዘው መጡና ኩሽናውንም፣ እጥበቱንም፣ ልጅቷንም ተረከቡ። አማት ሲባል የሚታማው ዓይነት እንዳይመስሏችሁ፤ ክፉ ቃል የማይወጣቸው፣ ቁጭ ማለት የማያውቁ ሴት ናቸው። ባሏም ቢሆን ከሥራ ገብቶ ሳይቀመጥ የልጅ ጨርቅ አጥቦ የሚያሰጣ ሰው ነው። ታዲያ ምን ጎደላት? ሳቂታ ራሷን ቀን ከሌት የምትጠይቀው ይሄንኑ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የወለዱት ሁሉ "ቆይ ብቻ፣ ስታያት አንጀትሽ ይላወሳል" ብለዋት ነበር። አየቻት። አንጀቷ ምንም አላለም። የሰው አደራ የተሰጣት ነው የመሰላት፤ ባለቤቱ መጥቶ እስኪወስድ በጥንቃቄ የሚያዝ አደራ። ደክሞኝ ነው፣ ነገ ይመጣል አለች። ነገ ሆነ። ሳምንት ሄደ፣ ወር ሄደ። ታጠባለች፣ ጨርቅ ትቀይራለች፣ ታስገሳለች፤ ልክ ፈረቃዋ እንደሆነ ሁሉ አንድም ሳታጓድል ትሠራለች። ምግብ አፏ ውስጥ ጣዕም የለውም። ልጅቷ ስትተኛ እንኳ እንቅልፍ በዓይኗ አይዞርም። ማልቀስ ሲመጣባት መታጠቢያ ቤት ገብታ የቧንቧውን ውሃ ትከፍተዋለች፤ አማቷም በሩ ላይ ሆነው "ውሃው አይቀዝቅዝሽ የኔ ልጅ!" ይሏታል።

ከዚያ ደግሞ ፍርሃቱ መጣ። አንድ ጠዋት ልጅቷን በሳፋ ስታጥብ "እጄን ብለቀውስ?" የሚል ሐሳብ ድንገት ጭንቅላቷ ውስጥ ገባ። ልታደርገው ፈልጋ አይደለም! ሐሳቡ ራሱ መጣ እንጂ እሷ አልጠራችውም። "እማማ! እማማ፣ ይያዙልኝ!" ብላ ጮኸች። አማቷ እየሮጡ መጥተው ተቀበሏት። ከዚያ ቀን ወዲህ ሳፋ አልነካችም፤ ልጅቷን ይዛ በደረጃ፣ በመስኮት፣ በምድጃ አጠገብ ማለፍም ፈራች። አማቷ "ወገቧን እያመማት ነው" ብለው ለጎረቤት ነገሩላት።

የፈረቃ ጓደኞቿ ተሰብስበው ሊጠይቋት የመጡ ቀን ሳቂታ ሳቀች። እንዴት እንደሳቀች እሷም አታውቅም፤ ራሷን ወደ ኋላ ጣለች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ ትከሻዋን አንቀጠቀጠች። "አይ የኛ ሳቂታ! እናትነት እንኳን አልለወጣትም!" ብለው ደስ ብሏቸው ሄዱ። በሩ ሲዘጋ ከተቀመጠችበት መነሳት አቃታት፤ አማቷ ብብቷን ይዘው አልጋ ላይ አወጧት።

እንዲህ እንዲህ እያለ ሁለት ወር ተኩል ሞላ። አንድ ምሳ ላይ አማቷ ማንኪያቸውን አስቀመጡና፣ "እንግዲህ ልጆቼ፣ እዚያ ያለችውም ቀኗ ደርሷል። በአሥር ቀን ውስጥ እሄዳለሁ። እሷንም ማረስ አለብኝ" አሉ። ሴት ልጃቸው ልትወልድ ነው።

ባሏ "እናመሰግናለን እማዬ፣ አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠን ነበር" አላቸው።

ሳቂታ በሆዷ መቁጠር ጀመረች። ባሏ ጠዋት ወጥቶ አሥር ሰዓት ነው የሚመለሰው። አማቷ ከሄዱ በቤቱ የሚቀሩት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ እሷና ልጅቷ። ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ነበር የምትፈልገው። እማማ ሳይሄዱ አንድ ሰው ይስማት። ማንም ይሁን፣ አንድ ሰው።

በአራተኛው ቀን የክትባት ቀጠሮ ነበርና ጤና ጣቢያ ሄዱ። መንገዱን ሙሉ አንድ ዓረፍተ ነገር ስታሰናዳ ሄደች። "ከልጄ ጋር ብቻዬን መሆን እፈራለሁ።" በቃ፣ ይቺን ነው የምትለው። ነርሷ ልጅቷን መዝና፣ ወግታ፣ ካርዱ ላይ ጽፋ ቀና አለችና፣ "አንቺስ እናት? እንዴት ነሽ?" አለቻት።

ሳቂታ አፏን ከፈተች።

"ኧረ ደህና ናት!" አሉ አማቷ፣ ልጅቷን እያባበሉ። "ወተቷ ይፈሳል፣ ሰውነቷ ተመልሷል።"

"እንቅልፍስ ትተኛለች?"

"የአራስ እንቅልፍ ምን እንቅልፍ ነው ብለሽ ነው ልጄ፣ እንደሁላችን ነዋ።"

ነርሷ ፈገግ አለች፤ ግን ዓይኗን ከሳቂታ ላይ አላነሳችም። "እንደ ድሮሽ ትስቂያለሽ?"

"ምን ትያለሽ አንቺ! ስሟ ራሱ ሳቂታ እኮ ነው!" አሉ አማቷ፣ ከት ብለውም ሳቁ። ነርሷም ሳቀች። ሳቂታም፣ ምን ታድርግ፣ ሳቀች። ከኋላ ወረፋ የያዙት እናቶች መነጫነጭ ጀምረው ነበር፤ ነርሷ "በሉ በሰላም ሂዱ" ብላ ቀጣዩን ካርድ አነሳች። ያ የተሰናዳ ዓረፍተ ነገር ሳይነገር አብሯት ቤት ተመለሰ።

ለባሏ ደግሞ ነገረችው። ነገረችው ነው የምለው፣ በኋላ "ምነው አልነገረችኝ" ሲል ስለሰማሁት። አጠገቡ ተቀምጣ፣ "ምንም አይመጣልኝም" አለችው።

"ምኑ?"

"ለሷ። ሌላው ሰው የሚሰማው ነገር... ለኔ አይመጣልኝም። እፈራለሁም።"

እሱ ፊቷን አየ፤ አዘነላትም። ደግ ሰው ነው፣ አላጋነንኩም። "ድካም ነው የኔ ቆንጆ። ማሽንም ቢሆን ሳይጸዳ፣ ዘይት ሳይቀባ ዝም ብሎ ሲሠራ እንዲህ ይሆናል። ነይ ጋደም በይ፣ እኔ እይዛታለሁ" አለና ብርድ ልብስ አለበሳት። ልጅቷን ይዞ ወዲያና ወዲህ እያለ ሲያንጎራጉርላት ሳቂታ ጣሪያውን ስታይ ቆየች። ዘይት መቀባት! ሰው ምኑን ነው የሚቀባው?

የመሄጃው ቀን ደረሰ። ጠዋት ሁለቱ ሻንጣዎች በር ላይ ቆመዋል። አማቷ ልጅቷን ስመው ስመው አልጠግብ አሉ፤ ሳቂታንም ጉንጯን ይዘው፣ "አይዞሽ፣ ጎበዝ ነሽ፣ ምንም አያቅትሽም" አሏትና ዓይናቸውን እየጠራረጉ ወጡ። ባሏ ሻንጣዎቹን አንስቶ ተከተላቸው፤ እናቱን መኪና ላይ አሳፍሮ በዚያው ወደ ሥራው ነው። ልጅቷ ተኝታለች። ልጅ ከመጣ ወዲህ ከእንቅልፏ ላለመቀስቀስ ቤት ውስጥም በእጅ ማውራት ለምደዋል፤ እና እንደወትሮው በሩ ላይ ሻንጣዎቹን አስቀምጦ ዞር አለና ደረቱን ሁለቴ መታ መታ አድርጎ ቅንድቡን ሰቀለ። እየሄደ ነው? ማለቱ ነው።

ሦስት ወር ሙሉ ለዚህ ጥያቄ ደረቷን ስትመታለት ከርማለች። እውነቷን ነው፤ ወተቱ ይመጣል፣ ጨርቁ ይታጠባል፣ ልጅቷ ትወፍራለች፣ ታዲያ ምኑ ነው የቆመው ይባላል? ያን ቀን ግን አልቻለችም። ሁለት ክንዷን ከራሷ በላይ አነሳችና አመሳቀለች።

ቆሟል፣ ና።

ባሏ አያት። መጀመሪያ ደንገጥ አለ። ከዚያ ፊቱ በራ! ያ የጥንቱ ፈገግታ ከጆሮ እስከ ጆሮ ደረሰ። መዳፉን ሳመና ወደሷ እፍ አለላት፤ "ቆይ፣ ስመለስ አገኝሻለሁ" እንደማለት ጣቱን ወዘወዘባትና በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው። እሷ ክንዷ እንደተመሳቀለ ቆማለች። በመስኮቱ በኩል ድምፁን ሰማችው። "እማዬ፣ ድሮ ፋብሪካ እንደምታሞኘኝ አሞኘችኝ እኮ! ሚስቴ ተመለሰችልኝ!"

"እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ!" አሉ እናቱ። ድምፃቸው እየራቀ ሄደ።

ኧረ ወዲያ! እኔን እስከዛሬ ያንገበግበኛል። ሰው እንዴት ሚስቱን ይህን ያህል አውቋት በሷ ይሳሳታል? ግን ፍረዱ ካላችሁ መፍረድም አልችልም፤ ያን ምልክት ስንት ጊዜ ለሳቅ እንዳሳየችው አዳራሹ ሙሉ ምስክር ነው።

ሳቂታ ክንዷን አወረደች። ሦስት ሰዓት ላይ ልጅቷ ነቃች። አጠባቻት፣ ጨርቅ ቀየረችላት፣ አስገሳቻት። ልጅቷ ግን የለመደቻቸውን እጆች ፈልጋ ነው መሰል ማልቀሷን አላቆመችም። አቅፋት ተንጎራደደች። አልሆነም። ምድጃው ላይ ውሃ ተጥዶ ነበር፤ ባጠገቡ ስታልፍ ውሃው ይንተከተካል፣ ልጅቷ ክንዷ ላይ ትንፈራገጣለች፣ ያ ያልተጠራ ሐሳብም ተመልሶ መጣ። በዚህ ጊዜ አልጮኸችም፤ ለማን ትጩህ? ምድጃውን አጠፋች። ልጅቷን ወስዳ ወለሉ ላይ ከተነጠፈው ፍራሽ መሀል በጀርባዋ አስተኛቻት፤ ባካባቢዋ ምንም ነገር እንዳይኖር ሁሉን አነሳች። ወጣች። በሩን ከውጭ ቆለፈች። ቁልፉን እጇ ላይ ይዛ አየችው፤ መልሳ ልትከፍት እንደምትችል ገባት። ጎንበስ አለችና በበሩ ስር ወደ ውስጥ ገፋችው። ከዚያ ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

ልጅቷ አለቀሰች። ሳቂታ ተቀምጣ ሰማች። ወተቷ መጥቶ ቀሚሷን አራሰው። ስንት ሰዓት እንደተቀመጠች አታውቅም። ጎረቤቷ ልብስ ሰፊዋ መርፌ ልትገዛ ስትወጣ አየቻት።

"አንቺ! ልጅሽ እኮ እየጮኸች ነው! ምን ሆነሽ ነው እዚህ?"

"ቁልፉ ውስጥ ነው" አለች ሳቂታ።

"ውይ ሞቼልሽ! ተቆልፎብሽ?" አለችና ልብስ ሰፊዋ ስልኳን አውጥታ ወደ ፋብሪካው ደወለች። የጥበቃው ሰው አዳራሽ ገብቶ ባሏን እስኪያገኘው፣ እሱም እስኪመጣ ሌላ አንድ ሰዓት ሄደ። መፍቻ በእጁ እንደያዘ ነው እየሮጠ የመጣው። በራሱ ቁልፍ ከፍቶ ገባ። ልጅቷ ድምፅዋ ዘግቶ፣ በላብና በእንባ ርሳ፣ ጡጫዋን እየጠባች አገኛት። ደህና ናት። አንስቶ ደረቱ ላይ ለጠፋትና ወደ ደጅ ወጣ፤ ትንፋሹ ገና አልተመለሰለትም።

"አይዞሽ፣ ተረፈች፣ ደህና ናት" አላት። "ቁልፍ መርሳት የማንም ነው። አትደንግጪ።"

ልብስ ሰፊዋም "ኧረ እኔም ስንቴ ተቆልፎብኛል!" አለች።

እዚህ ላይ ዝም ብትል ነገሩ በቁልፍ ይቀር ነበር። ይቅርታም ሳቅም ተደርጎበት፣ ነገ ባሏ እንደገና ይወጣ ነበር። ሳቂታ ከደረጃው ሳትነሳ ቀና ብላ አየችው።

"አልረሳሁትም። በበሩ ስር ያስገባሁት እኔ ነኝ።"

"ለምን?"

"ከኔ እንድትተርፍ።"

አሁን ሰማት። መስማቱን ፊቱ ላይ አየችው፤ ደም የሚባል ነገር ከፊቱ ሸሸ። ሊያቅፋት የፈለገ መሰለ፣ አንድ እርምጃም ቀረበ። ግን ሰውነቱ ከሱ ቀደመው፤ ትከሻውን አዞረና ልጅቷን በሱና በግድግዳው መሀል አደረጋት። እሱ እንዳደረገው እንኳ አላወቀም። ሳቂታ ግን አየች፤ ልክ ነው ብላም አሰበች።

በማግስቱ ያቺው ነርስ ባልየውን "አንተ ውጭ ቆየኝ" ብላ አስወጣችውና ሳቂታን ለብቻዋ አስቀመጠቻት። ሳቂታ ሁሉንም ተናገረች፤ አንጀቷ አለመላወሱን፣ ሳፋውን፣ ምድጃውን፣ ቁልፉን። ነርሷ አንዴም አልደነገጠችም። "ይሄ ሕመም ነው" አለቻት። "ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድብርት ነው። እብደት አይደለም፣ ክፋትም አይደለም። ሐሳቡ ስለመጣብሽ ታደርጊዋለሽ ማለት አይደለም፤ እንደውም እንዲህ መፍራትሽ ለሷ ስለምታስቢላት ነው። ብዙ እናት ይይዛታል፣ ይታከማል፣ ይድናል።" ከዚያ ቀና ብላ፣ "ያን ቀን አማትሽን ደጅ ማስወጣት ነበረብኝ። የኔ ጥፋት ነው" አለች። የአእምሮ ሐኪሙ ያለው ትልቁ ሆስፒታል ነው፤ ነርሷ "አስቸኳይ" ብላ ጽፋ፣ ደውላ፣ ለምና ያገኘችው ቀጠሮ በአምስተኛው ሳምንት ነው። እስከዚያ በየሁለት ቀኑ እንድትመጣ፣ ከባሰባትም ቀጠሮ ሳትጠብቅ በቀጥታ ወደ ሆስፒታሉ እንዲሄዱ ነገረቻቸው።

ለባልየውም ሁለት ነገር ነገረችው። "ከልጅቷ ጋር ብቻዋን አትተዋት" አለችው። "ግን ደግሞ አትለያቸው። አንተ አጠገባቸው ሆነህ ትቀፋት፣ ታጥባት፤ ፍቅሩም የሚመጣው እንደዚያ ነው።" እሱ ራሱን እየነቀነቀ ሰማ። የፈራ ሰው ግን ከሁለት ነገር አንዱን ብቻ ነው ይዞ የሚሄደው። ሁለተኛው የጤና ጣቢያው በር ላይ ቀረ።

ፈቃድ ወስዶ ቤት ዋለ። ጡጦና የዱቄት ወተት ገዛ። ልጅቷን እሱ አጠባት፣ እሱ ወተት አጠጣት፣ እሱ አስተኛት፤ ማታ በሱና በግድግዳው መሀል አስተኝቶ በንቃት ያድራል። ለሳቂታ ክፉ ቃል አልወጣውም። ምሳ ያቀርብላታል፣ "ተኚ፣ እረፊ" ይላታል። እሷ ክፍሉን ስታቋርጥ ግን በዓይኑ ይከተላታል። ወተቷን መታጠቢያ ቤት ገብታ ታልበውና ትደፋዋለች። በስልክ አማቷ እያለቀሱ "ምነው ልጄ፣ ምን አደረግንሽ?" ሲሏት "ምንም እማማ፣ ምንም" ትላቸዋለች።

በዘጠነኛው ቀን ከሰዓት ፀሐይ ፍራሹ ላይ ደርሳ ነበር። ባልየው መስኮቱ ስር ተቀምጦ የልጅ ጨርቅ ያጣጥፋል። ልጅቷ ከእንቅልፏ ነቃች። አላለቀሰችም፤ እጇን ዘርግታ ከፀሐዩ ጋር መጫወት ጀመረች፣ ከንፈሯን አሞጠሞጠች፣ ለራሷ የሆነ ነገር አወራች። ሳቂታ ወንበሯ ላይ ሆና ስታያት ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር ንቅንቅ አለ። ትንሽ ነገር ነው፣ ስም የሚሰጠው አይደለም። ላንሳት አለ ልቧ። ማንም ሳያዛት፣ ሰዓቱ ሳይደርስ፣ እንዲሁ ላንሳት አለ። ሦስት ወር ከምናምን ስትጠብቀው የከረመችው ነገር እሱ መሆኑን ገና እርግጠኛ ሳትሆን ብድግ አለች።

ባልየው ጨርቁን ጥሎ ቀድሟት ቆመ።

"አንቺ ተቀመጪ የኔ ቆንጆ" አላት ረጋ ብሎ፣ ልጅቷን እያነሳ። "አትልፊ። እኔ አለሁ።"

"እሺ" አለች ሳቂታ። ተቀመጠች።